በትንሽ ከተማ የተነገረን ጥቃት ማሳተም፦ ምርምር፣ ኅትመትና የተጠቂዎች ደኅንነት በአዊ

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት በሰዎች መካከል ስለሚፈጸም ጥቃት የተሠራን ምርምር እንዴት እናሳትም በሚል ጉዳይ ላይ ነው። አብዛኞቻችሁ ስለ ጆርናል አመራረጥ፣ ስለ ገምጋሚዎች ጥያቄና ስለ ክፍያ እንድነግራችሁ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። እደርስበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን በአንድ ሠንጠረዥ ልጀምር።

ከዓመታት በፊት በሌላ ቦታ ሳስተምር አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ አማክር ነበር። ጥናቷ ባሎቻቸው የሚደበድቧቸው ሴቶች በአንዲት የወረዳ ከተማ ውስጥ እርዳታ የሚፈልጉበትን መንገድ የሚመለከት ነበር። ዐሥራ ሁለት ሴቶችን አነጋገረች። ሥራዋ ጥሩ ነበር፤ ጥንቃቄዋም እንደዚያው። የአንዷንም ስም አልጻፈችም፤ «ተሳታፊ 1»፣ «ተሳታፊ 2» እያለች ነበር የጠራቻቸው። እኔ ግን የመጀመሪያውን ረቂቅ ካነበብኩ በኋላ «የተሳታፊዎቹ ሁኔታ አልተገለጸም፤ ገምጋሚ ይጠይቅሻል፤ ሠንጠረዥ ጨምሪ» ብዬ በኅዳጉ ላይ ጻፍኩ። ጨመረች፤ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ሥራ፣ የልጆች ብዛት፣ የባል ሥራ፣ የትውልድ ቦታ። ጽሑፉ ጸድቆ ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ ቅጂውም በድረ ገጽ ላይ ተጫነ። በዓመቱ ግድም ተማሪዋ ደወለችልኝ። «ተሳታፊ 7» መጥታ አግኝታታለች። የባልየው ዘመድ የሆነ አንድ ተማሪ ጽሑፉን በስልኩ አንብቦት ኖሯል። በዚያች ከተማ በዚያ ዕድሜና በዚያ ሙያ ያለች፣ ከሌላ አገር መጥታ መምህር ያገባች፣ ሦስት ልጆች ያሏት ሴት አንዲት ብቻ ነበረች። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። «ስሜን አልጻፍሽም፤ ግን እኔው ነኝ» ብላ ሄደች። ባልየው ይስማ አይስማ አላወቅንም። እርሷ ግን ብዙም ሳትቆይ ዝውውር ጠይቃ ከተማዋን ለቀቀች። አሁን የነገርኳችሁ ዝርዝርም ሆን ተብሎ ተለውጧል። ሠንጠረዡን ያስጨመርኩት ግን እኔ ነኝ።

ይህን የማነሣው ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች የምታጠኑት በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በቻግኒ፣ በአዲስ ቅዳም፣ በትሊሊ ስለሆነ ነው። በአዲስ አበባ «የ38 ዓመት ነርስ» ማለት ከብዙዎች አንዷ ናት። በወረዳ ከተማ ውስጥ ግን ሰውን በስሙ ብቻ የሚያውቀው የለም፤ በአባቱ፣ በሰፈሩ፣ በአማቾቹ፣ በሥራው ይታወቃል። ጥር 23 ቀን በፈረሰኞች በዓል ላይ ጋላቢውን ገና ከሩቅ በፈረሱ የሚለዩ ሽማግሌዎች ያሉበት አገር ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ስም መሰረዝ የጥንቃቄው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው ሊሆን አይችልም። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎቻችን ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ቃለ መጠይቁ ነው፤ ፈቃዷን እንዴት ትጠይቃላችሁ፣ የት ቁጭ ብላችሁ ታነጋግሯታላችሁ፣ መጠይቁን የት ታስቀምጣላችሁ ይላሉ። ስለ ኅትመቱ የሚጠይቅ ኮሚቴ ግን እምብዛም አልገጠመኝም። ቃለ መጠይቁ የአንድ ሰዓት ጉዳይ ነው፤ ኅትመቱ ሴትዮዋ በሕይወት እስካለች ድረስ ከእርሷ ጋር ይኖራል።

አደጋው ለምን ከባድ እንደሆነ ለመረዳት መረጃው ከየት እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ዘርፍ ስለ አገራችን በብዛት የሚጠቀሰው ቁጥር የቡታጅራው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው፣ በ10 አገሮች ውስጥ 24,000 ያህል ሴቶችን ባሳተፈው ጥናት፣ የኢትዮጵያው ክፍል የተሠራው በቡታጅራ አካባቢ ነበር፤ መረጃው የተሰበሰበውም እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ከ3,000 በላይ ሴቶች ተጠይቀው፣ ባል ወይም ተጓዳኝ ከነበራቸው መካከል 71 በመቶዎቹ በሕይወት ዘመናቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት፣ ወይም ሁለቱም፣ ከአጋራቸው እንደደረሰባቸው ተናገሩ። በሌላ በኩል በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገር አቀፍ ደረጃ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶዎቹ አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ከባላቸው እንደደረሰባቸው መዝግቧል። ልብ በሉ፤ ሁለተኛው ስሜታዊ ጥቃትንም ጨምሮ ነው ያነሰው። አንዱ በአንድ አካባቢ፣ ሌላው በመላ አገሪቱ የተሠራ መሆኑ የልዩነቱ አንድ ክፍል ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥናት ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ተዘጋጅቶ፣ ጠያቂዎቹም ለዚሁ በረጅሙ ሠልጥነው ሲሠሩና፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድና ስለ ውኃ ከተጠየቀ በኋላ በመጨረሻ ላይ ጥቂት ጥያቄዎች ሲቀርቡ፣ ሴትዮዋ የምትነግረው መጠን እንደማይመሳሰል በመስክ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

የቃል ምርጫም አለበት። «ጥቃት» የሚለው ቃላችን ለምርምር አስቸጋሪ ነው። «ተጠቃሁ» ያለ ሰው ተመታሁ ብቻ አላለም፤ ተዋረድሁ፣ ወገን አጣሁ ማለቱም ነው። «ጥቃት ደርሶብሽ ያውቃል?» ብላችሁ ብትጠይቋት ባሏ በየሳምንቱ የሚመታት ሴት «የለም» ልትላችሁ ትችላለች፤ አልዋሸችም። ስለዚህም ነው በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ያገኙት መጠይቆች ቃሉን ትተው ድርጊቱን የሚዘረዝሩት። በጥፊ መትቶሻል? ገፍትሮሻል? ፀጉርሽን ጎትቷል? አንቆሻል? በመሣሪያ አስፈራርቶሻል? እንዲህ ስትጠየቅ ታስታውሳለች፤ ትቆጥራለችም። በአዊ ደግሞ አንድ ደረጃ ይጨመራል። መጠይቁ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይተረጎማል፤ የአማርኛው ቅጂ በጥንቃቄ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ይመሳከራል፤ ከዚያ በገጠር ቀበሌ ጠያቂው በራሱ አውኚ፣ በቆመበት፣ እንደመሰለው እየተረጎመ ይጠይቃል። ሁለት ጠያቂዎች ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይጠይቃሉ ማለት ነው። በጽሑፋችሁ ውስጥ «መጠይቁ ወደ አማርኛ ተተርጉሟል» ብላችሁ ስታልፉ ገምጋሚው በሩቅ አገር ሆኖ ሊያውቅባችሁ አይችልም፤ እናንተ ግን ታውቃላችሁ። አውኚው ቀድሞ ይጻፍ፤ በየትኛው ቋንቋ ስንት ሰው እንደተጠየቀም በኅትመቱ ላይ ይገለጽ።

ከዚያው ከ2008ቱ ጥናት ሌላ ቁጥር አለ፤ እኔ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል 66 በመቶዎቹ እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም። ለእናት አልተነገረም፤ ለነፍስ አባት አልተነገረም፤ ለጎረቤት አልተነገረም። የተነገረው መጠይቅ ይዛ ለመጣች የማትታወቅ ልጅ ነው። እንግዲህ እናንተ በቦርሳችሁ ይዛችሁት የምትመለሱት ወረቀት ብዙ ጊዜ የዚያ ነገር ብቸኛ መዝገብ ነው። በዛሬው የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ ቦርሳ በኬላ ላይ ይፈተሻል፤ የስም ዝርዝርና መጠይቅ በአንድ ቦርሳ ውስጥ መጓዝ የለባቸውም። እንዲያውም የፈቃድ ፊርማ የሚባለው ወረቀት ራሱ የስም ዝርዝር ነው። ኮሚቴው የቃል ፈቃድ እንዲፈቅድላችሁ ጠይቁ፤ ምክንያቱን ካስረዳችሁ የሚከለክልበት ነገር የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ ለሚሠሩ ጥናቶች ያወጣው የሥነ ምግባርና የደኅንነት ምክር፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የተሻሻለው፣ ከአንድ ቤት ከአንዲት ሴት በላይ እንዳትጠየቅ ያሳስባል። ጥናቱም በአካባቢው ሲታወቅ ስለ ጥቃት መሆኑ እንዳይነገር ይመክራል፤ ለዚህም ነው የቡታጅራው ጥናት የሴቶች ጤናና የሕይወት ገጠመኞች በሚል ስም የተሠራው። አማት በር ላይ ቆማ «ምን ትጠይቋታላችሁ?» ስትል የሚሰጥ መልስ ነው፤ ሐሰትም አይደለም። አሁን እኛ የምንሠራውን ተመልከቱ። በመስክ ላይ ርእሱን ደብቀን፣ በኅትመት ላይ ግን በሽፋኑ ርእስ ላይ «በእገሌ ወረዳ፣ በእገሌ ቀበሌ ባሎች በሚስቶቻቸው ላይ የሚፈጽሙት ጥቃት» ብለን እንጽፋለን፤ ጥናቱ የተሠራበትን ወርም እንጨምራለን። በዚያ ወር በዚያ ቀበሌ የትኞቹ ቤቶች እንደተንኳኩ ቀበሌው በሙሉ ያስታውሳል።

ሠንጠረዡ ለምን ተለመደ? ጆርናሎች ስለሚጠይቁ ነው፤ ጥያቄውም ከመሬት የመጣ አይደለም። ለዓይነታዊ ጥናቶች የሚያገለግለውና እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ኮሬክ የተባለው ባለ 32 ነጥብ የማረጋገጫ ዝርዝር የተሳታፊዎች ሁኔታ እንዲገለጽ፣ ጥቅሶችም የተናጋሪው መለያ ቁጥር እንዲኖራቸው ይጠይቃል። ዓላማው ጥሩ ነው፤ ተመራማሪው ጥቅሶቹን ሁሉ ከአንዲት ተናጋሪ አለመውሰዱን ለማሳየት ነው። ችግሩ ሁለቱ ሲገናኙ ነው። በሠንጠረዡ ላይ «ተሳታፊ 7፣ ዕድሜ 38፣ ነርስ፣ 3 ልጆች» ተብሎ፣ በገጽ 40 «ሌሊት ከቤት አስወጥቶኝ በረንዳ ላይ አደርኩ (ተሳታፊ 7)»፣ በገጽ 52 ደግሞ «እኅቴ ዘንድ ሄጄ ነበር፤ መልሳ ላከችኝ (ተሳታፊ 7)» ከተባለ፣ አንባቢው ቁርጥራጩን ገጣጥሞ አንዲትን ሴት ከነታሪኳ ያገኛታል። እያንዳንዱ ቁራጭ ብቻውን ምንም አያጋልጥም። ለማያውቃት አንባቢ ሲገጣጠምም ምንም አያጋልጥም። የሚያጋልጠው ለሚያውቃት ነው፤ ልትጠበቅ የሚገባትም ከሚያውቃት ነው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ሠንጠረዡ በሰው መሆኑ ይቅርና በድምር ይሁን፤ «ዕድሜያቸው ከ22 እስከ 51፤ አምስቱ የመንግሥት ሠራተኞች» ይበቃል። ከሦስት ሰው በታች የሆነ ክፍል ሁሉ ከሌላ ጋር ይቀላቀል። መለያ ቁጥሩን ለጆርናሉ አርታኢ በተለየ ሰነድ መላክ ይቻላል፤ በታተመው ላይ ግን ሙያና የልጅ ብዛት ከጥቅሱ ጎን አይቁሙ። ከተማው «በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኝ የወረዳ ከተማ» ሊባል ይችላል። ገምጋሚ ከተቃወመ ደብዳቤ ጻፉለት፤ እኔ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ጊዜ ተቀብለውኛል። እዚህ ላይ አንድ ምሳሌ ልጨምር። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ መረጃ ለተመራማሪዎች በነፃ ሲሰጥ፣ የናሙና ቦታዎቹ የጂፒኤስ ነጥብ ሆን ተብሎ ከትክክለኛው ቦታ ይዛወራል፤ በከተማ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ በገጠር እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከገጠሩም ጥቂቱ እስከ 10 ኪሎ ሜትር። ስም የሌለበት፣ ቤት የማይለይበት፣ የብዙ ሺህ ሰው መረጃ ነው እንዲህ የሚጠበቀው። የእኛ የመመረቂያ ጽሑፎች የዐሥራ ሁለት ሴቶችን ቀበሌ በሽፋን ላይ ያትማሉ።

ስም መለወጥ እንደማይበቃ በፍርድ ቤት ደረጃ ያየንበት ጉዳይም አለ፤ ምርምር ሳይሆን ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችውን የአርሲዋን ልጅ ታሪክ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተከራክሮላት ነፃ የወጣችበት ችሎት ስለ ጠለፋ የነበረውን ክርክር ለውጦታል። ታሪኩን መሠረት ያደረገው «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በፊልሙ ውስጥ የልጅቷ ስም ተለውጦ ሂሩት ተብሏል። ሆኖም በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ ሕዝብ በተሰበሰበበት ምሽት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ የታሪኩ ባለቤት፣ በዚያን ጊዜ ትልቅ ሴት የሆነችው፣ ያለ ፈቃዴ ታሪኬን ተጠቀሙበት ብላ ስላመለከተች ነበር። ፊልሙ ለአገሪቱ ሴቶች ያደረገውን አስተዋጽኦ አላሳንስም። ዓላማው መልካም የሆነ ሥራ፣ ስም የለወጠ ሥራ፣ በዓለም መድረክ የተሸለመ ሥራ፣ የባለቤቷን ጥያቄ አስቀድሞ ካልመለሰ የት ላይ እንደሚቆም ግን አሳይቶናል። ስሟ በየጋዜጣው ወጥቷል፤ እኔ ዛሬ አልጠራውም፤ ስለ ስም እየተናገርኩ ልጠራው አልወደድኩም።

ሌላው የሚታተም ስም የሕዝብ ስም ነው። የቡታጅራው 71 በመቶ በዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት ሠንጠረዦች ላይ የተቀመጠው «ኢትዮጵያ፣ ክፍለ ሀገር» በሚል ነበር። ከዚያ በኋላ በስንት ጽሑፍ ውስጥ «የኢትዮጵያ ሴቶች 71 በመቶ» ሆኖ እንደተጠቀሰ ቆጥሬ አልጨርሰውም። አንድ ወረዳ አገር ሆነ ማለት ነው። በእኛም አካባቢ «በአገው ባህል ሚስት መምታት...» ብለው የሚጀምሩ ረቂቆች በእጄ ገብተዋል። ምንጩ ምንድን ነው? አርባ ሰው የተጠየቀበት መጠይቅ! ሚስትን መምታት ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ብለው በ2008ቱ ጥናት የተስማሙት በመላ አገሪቱ ከተጠየቁት ሴቶች 63 በመቶ ነበሩ፤ በ1997ቱ ጥናት 81 በመቶ ነበሩ። ጉዳዩ የአንድ ሕዝብ ባህል አይደለም፤ ከዚያም በላይ በዐሥር ዓመት ውስጥ በዚህ መጠን የሚለወጥ ነገር «ባህል ነውና አይነካም» ሊባል አይችልም።

ስለ ወንዶች በአጭሩ ልናገር። በዚህ አካባቢ በድንበር፣ በግጦሽ፣ በመስኖ ውኃ ጠብ የሚጎዱትና የሚገደሉት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ ስለ እነርሱ የሚጻፈው ግን ጥቂት ነው። ተማሪዎቻችን ሲያጠኑት ከፍርድ ቤት መዝገብ ይነሣሉ። መዝገቡ በችሎት የተነበበ ስለሆነ የተከለከለ ነገር የለም ትሉኝ ይሆናል። ሽማግሌዎች ደሙን አድርቀው፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ታርቀው፣ ልጆቻቸው አንድ ትምህርት ቤት ሲማሩ፣ የእናንተ ጽሑፍ ከነቦታውና ከነዘመኑ «ሟች» እና «ገዳይ» ብሎ በስልካቸው ላይ ቢደርስ ግን ሕጉ ከሚያስጨንቃችሁ ይልቅ ዕርቁ ሊያስጨንቃችሁ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ሕጉንም ወደዚህ እያቀረበው ነው፤ አንብቡት።

አሁን ወደምትጠብቁት ልምጣ። የዘርፉ ዋና ዋና ጆርናሎች፣ ጆርናል ኦቭ ኢንተርፐርሰናል ቫዮለንስ እና ቫዮለንስ ኤንድ ቪክቲምስ፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመሩ ናቸው። በደንበኝነት የሚነበብ ጆርናል ከጸሐፊው ክፍያ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ጽሑፋችሁን የእንጅባራ ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ልታነብበው አትችልም። ለሁሉም ክፍት የሆኑት ብዙ ጊዜ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ሆኖም ታላላቆቹ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጡ ጸሐፊዎች ክፍያውን የሚያነሡበት አሠራር አላቸው። ጽሑፉን በምታስገቡበት ጊዜ ጠይቁ፤ ከጸደቀ በኋላ አይሆንም። በሦስት ቀን ውስጥ «ተቀብለናል፤ ይህን ያህል ዶላር ላኩ» የሚል ኢሜይል ከመጣላችሁ ገምጋሚ አላየውም ማለት ነው። ለደረጃ እድገት ቁጥር ይሞላ ይሆናል፤ የስልሳ ስድስቱ በመቶ አደራ ግን እንዲህ ባለ ቦታ አይጣልም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲውን የኢትዮጵያ የጤና ልማት ጆርናል የመሰሉ የአገር ውስጥ ጆርናሎችን አትናቁ፤ የቡታጅራው ሥራ በመጀመሪያ ለአገር አንባቢ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2003 በዚሁ ጆርናል ልዩ እትም ነው።

ውጤቱ ወደ ተጠያቂዎቹም መመለስ አለበት፤ በአማርኛና በአውኚ፣ በሁለት ገጽ። በቀበሌ ስብሰባ ላይ አታንብቡት፤ ባሎቹ ተቀምጠዋልና። በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል፣ በጤና ጣቢያ፣ በወረዳው የሴቶች ጉዳይ በኩል ይሂድ። በውስጡም ጥቅስ አይኑር፤ ቁጥርና የት እርዳታ እንደሚገኝ ብቻ ይኑር።

ያቺን ተማሪዬን ከደወለችልኝ በኋላ ጽሑፉን ከድረ ገጹ አስወረድነው። ጥቂት ወራት ፈጀ፤ ጥያቄው ያልተለመደ ስለነበር ለማን እንደሚቀርብ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በቤተ መጻሕፍቱ የነበሩት ሁለት ቅጂዎች ሠንጠረዡ ተቀይሮ ዳግም ተጠረዙ። አንድ ቅጂ በእኔ ቢሮ ነበረ፤ አሁንም አለ፤ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ ነው። አንድ ቅጂ ደግሞ ማን እንደተዋሰው ሳይመዘገብ ወጥቶ እስካሁን አልተመለሰም። ለዚህ ነው የእኛ ክፍል ከዘንድሮ ጀምሮ ማንኛውም በጥቃት ላይ የተሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት ከመግባቱ በፊት አካባቢውን የሚያውቅ፣ ጥናቱን ያልሠራ አንድ ሰው «እዚህ ውስጥ የማውቀው ሰው አለ?» በሚል ጥያቄ ብቻ እንዲያነብበው ሐሳብ ያቀረብኩት። አንባቢውም የምሥጢር ጠባቂነት ውል ይፈርማል። የቅጹን ረቂቅ በመግቢያው ላይ አስቀምጫለሁ፤ ስትወጡ አንድ አንድ ውሰዱ።